ዘጠነኛ «ሐ» ለምን ዝም ይላል?

ሰኞ፣ የካቲት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሰው ዛሬ ጠዋት ቢሮው አስጠርቶ ከበላይ አካል የመጣ የምሥራች ነገረኝ። ከእንግዲህ በትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ የሚማሩት መምህሩ ሲያስተምር ሳይሆን ተማሪው ሲጠይቅ ነው። ተማሪው ራሱ ጥያቄ ያወጣል፣ ራሱ መልሱን ፈልጎ ያመጣል፣ ራሱ ቆሞ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ነገሩን «ኢንኳይሪ» ይሉታል። መምህሩስ በዚያን ጊዜ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቀው «ያመቻቻል» አለኝ። ስለዚህ ከሃያ ሰባት ዓመት መምህርነት በኋላ አመቻች ሆኛለሁ። ተመስገን ነው፤ ከዚህ የባሰም ሹመት አለ።

ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆን የአንድ መንፈቅ ትምህርት እንዳዘጋጅ፣ በዘጠነኛ «ሐ» እንድሞክረው፣ ከፋሲካ በፊትም ገምጋሚዎች መጥተው እንዲያዩት ተወስኗል። ከወደዱት ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ለአርአያነት የተላከልኝ በታይላንድ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ወፍራም ሰነድ ነው። አቶ ደምሰው እንዳስረዳኝ ሥራው ቀላል ነው፤ «ታይላንድ» የሚለውን «ኢትዮጵያ»፣ «ባንኮክ» የሚለውን «አዲስ አበባ» ማድረግ ብቻ። እርሱንም ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል ብሎ እዚያው ሠራው።

ረዳት የተሰጠችኝ ፌኔት ናት። ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ላፍቶ ላይ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እርሷ ግን ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። የእጅ ቦርሳዬ በዕድሜ ይበልጣታል። ዜናውን ስትሰማ ተደሰተች። የደስታዋ ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ በ«ሐ» ክፍል ሲራክ የሚባለው ተማሪ ትናንት ምን እንደሠራ ቢጠየቅ ነገ የሚሠራውን የሚመስል ነገር ተናገረ። «ሲራክ ሆይ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ቢሰሙህ ኖሮ ትተውልህ ይሄዱ ነበር» አልሁት። ክፍሉ እስኪናወጥ ተሳቀ። ሲራክም ራሱ ሳቀ። ትምህርቴን ትንሽ ጨው ጣል አድርጌበት ማቅረብ እወዳለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት ፲፫ ቀን

የታይላንዱን ሰነድ አነበብሁ። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። የመጀመሪያው ትምህርት «የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ማለዳ በጀልባ ተሳፍረው በወንዝ ላይ ገበያ ፍራፍሬ የሚገዙት ለምንድን ነው?» ይላል። ከመካኒሳ ድልድይ ሥር የሚንሳፈፈውን ስለማውቅ ፍራፍሬ አለመሆኑን በእርግጠኝነት መመስከር እችላለሁ።

አንድ ገጽ ግን ልቤን ነካው። አዘጋጁ የታይላንድ ተማሪ ታላቁን ከማክበሩ የተነሣ መምህሩን ለመጠየቅና ሐሳቡን ለመቃወም እንደሚያመነታ ይገልጻል። ከዚያም ይህን «መሰናክል» ይለዋል። እኛ ሥርዓት ስንለው የኖርነውን! እንዲህ ያለ የተባረከ አገር መምህር ቢፈልግ ሻንጣዬን ለመጠቅለል ብዙ አልዘገይም።

ፌኔት በሻይ ሰዓት ስለ ቅኔ ቤት ጠየቀችኝ። እኔም በጎጃም ሳለሁ ተማሪ በየቀኑ የራሱን ቅኔ አውጥቶ በመምህሩ ፊት ቆሞ እንደሚናገር፣ መምህሩም እንደሚያርመው፣ የትናንቱ ደግሞ ለዛሬ እንደማይቆጠር ነገርኋት። ለካስ ወጥመድ ኖሯል።

«ታዲያ ጋሼ» አለች፣ «በየቀኑ አዲስ ነገር የምታወጡት ማን ነግሯችሁ ነበር?»

እርሱ ሌላ ነው አልኋት። ወደ ለቡ በታክሲ ስመለስ በምን ሌላ እንደሆነ ለማሰብ ሞከርሁ። መንገዱ ስለተቆፈረ ጉዞው ረጅም ነበር። ጫጫታው ግን አላሳስብ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፰ ቀን

ጾሙ ትናንት ገባ። ጀልባዎቹን ሁሉ አስወግጄ ትምህርቱን ከሥር ከመሠረቱ እኔው አዋቀርሁት። ተማሪዎች በቡድን ጥያቄ ያወጣሉ፣ ሰው ጠይቀው መረጃ ይሰበስባሉ፣ ይጽፋሉ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ድምፅ የተመረጠው ቡድን በገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል። በድምፅ ይመረጥ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አድልዎን ስለምጠላ። ጥሩ ሥራ መሆኑን ትሕትና ሳይዘኝ እመሰክራለሁ።

ለመነሻ እንዲሆን ሠላሳ የጠሩ ጥያቄዎች አዘጋጅቼ ለ«ሐ» ክፍል ሰጠኋቸው። ዛሬ ፌኔት ወደ ክፍሉ ስትገባ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም፣ ይደግሙት ነበር።

«ጋሼ፣ ጥያቄውን በቃላቸው አስያዟቸው?»

መጠየቅ የማያውቅ ሰው መጠየቅን አስቀድሞ ማጥናት አለበት አልኋት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጉንፋን ይመስለኛል። ልጆቹ በበኩላቸው «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» የሚለውን በእንግሊዝኛ እየጮኹ ይጠይቁኛል። ማን እንደሚመልስ በዕቅዱ አልተጻፈም።

ዓርብ፣ የካቲት ፳፩ ቀን

ለፌኔት ስል ሠላሳውን ጥያቄ ተውሁት። የራሳቸውን አምጡ አልሁ።

አንዱ ቡድን ዝናብ ሲጥል ታክሲ የት እንደሚጠፋ ሊመረምር ተነሣ። ሌላው በጎፋ ያለው ዳቦ ቤት ሰልፉ ለምን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማይሄድ። የታይላንዱ አዘጋጅ ቢሰማ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ቢፍቱ ወረቀት ይዛ መጣች። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ያላት አይመስለኝም ነበር። ቡድኗ እርሷ፣ ሲራክና ሚካል ናቸው። ጥያቄያቸውም «በክፍላችን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ትምህርት ጊዜ ለምን ዝም ይላሉ?» የሚል ነው።

እነሆ፣ በመጨረሻ ጥያቄ የሚባል ጥያቄ! መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፦ ስልክ፣ ስንፍና፣ የአንደኛ ደረጃው መሠረት መላላት፣ ወላጅ። እነርሱም እዚያው ይደርሳሉ፤ መንገዱን ይሂዱት እንጂ። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ በትልቁ «ግሩም!» ብዬ ጻፍሁላቸው። ስንት ዓመት ሆኖኛል ይህን ቃል ከጻፍሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት ፳፮ ቀን

ስብሰባ። ገምጋሚዎቹ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ይመጣሉ። አቶ ደምሰው መጋረጃ ይገዛ አለ። ስለ ትምህርቱ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፬ ቀን

የቢፍቱ ቡድን የመጀመሪያ ረቂቅ ደረሰኝ። ቋንቋው አሳዛኝ ነው። መለስሁት።

አሁን ከእራት በኋላ ነው። ለማስታወስ ያህል ይዘቱንም ልመዝግብ። ልጆቹ የክፍሉን ተማሪዎች አንድ በአንድ ከግቢው ዛፍ ሥር እያስቀመጡ፣ በአማርኛ የፈለገውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የፈለገውን በኦሮምኛ ጠይቀዋል። አብዛኞቹ መልሱን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም ዝም የምንለው ብለዋል። ስልክ አልተነሣም። ስንፍናም አልተነሣም። እንዲህ ይላል፦ «ስንሳሳት መምህሩ አንድ ነገር ይናገራል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ ሳቁ እስከ ሰፈራችን ይከተለናል።» ከዚህ በታች መምህሩ ተናገራቸው የተባሉ አምስት አባባሎች ሰፍረዋል። ተማሪዎቹ ቃል በቃል ያስታውሷቸዋል ይላል።

የመምህሩ ስም አልተጠቀሰም። ይህን ጥንቃቄያቸውን አደንቃለሁ። በርግጥ እነዚህ ልጆች ያለፉት በብዙ መምህራን እጅ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል የመጣ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ከአባባሎቹ አንዱ የቋንቋው ባለቤቶች ትተውልህ ይሄዱ ነበር የሚል ነው። ማንም ይናገረው ማን፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሰኞ፣ መጋቢት ፰ ቀን

ሁለተኛው ረቂቅ። ነጠላ ሰረዞች ያለ ቦታቸው ገብተዋል። መለስሁት።

ፌኔት ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ላይ አየችው። «ጋሼ፣ ቀይ እስክሪብቶ በጅምላ ነው የሚገዙት?» አለችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን

ሦስተኛው ረቂቅ። መለስሁት። የታክሲው ቡድን «ታክሲ» የሚለውን ቃል ራሱን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ጽፎ አልፏል፤ ፌኔት ይህን ልታስታውሰኝ አስፈላጊ መስሎ ታይቷታል። እኔ ግን ለከፍተኛ ጥያቄ ከፍተኛ መስፈርት ይገባዋል ባይ ነኝ። ለቋንቋው ካለኝ ፍቅር የተነሣ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ሰፈራችን ለቡ መብራት ኃይል ዛሬም ስሙን ብቻ ይዞ አመሸ፤ መብራትም ኃይልም የለም። ባለቤቴ ትሩፋት በረንዳ ላይ የቀረውን ብርሃን ተሻምታ ምስር ትለቅም ነበር። እንዲሁ ለወሬ ያህል ገልብጬ የያዝኋቸውን አምስቱን አባባሎች አነበብሁላትና ምን ዓይነት ሰው የተናገራቸው ይመስልሻል አልኋት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳቀች። በሦስተኛው ሳቋን አቆመች።

«የዚህን ሰው ድምፅ አውቀዋለሁ» አለችና ምስሯን ቀጠለች። ደግሞም፣ «ጸደንያ ከሐዋሳ ስትደውል እኔን ብቻ ለምን እንደምታነጋግር ልጅህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አለችኝ።

የኔትወርክ ችግር መሆኑን ነገርኋት።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን

ዛሬ ክብሬን የሚያስታውሰኝ ነገር ገጠመኝ፤ በደንብ ልጻፈው።

አቶ ደምሰው በሩን ዘግቶ የቆየውን ጥበብ ሹክ አለኝ። ገምጋሚዎች በመጡ ቀን ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። መምህሩ ቀኝ ካወጡት ብቻ ይጠራል። እንግዳው የሚያየው የእጅ ደን ነው። ትምህርት ቤቶች ለእንግዳ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ እርሱ ራሱ ተማሪ ሳለ ግራ እጁን በማውጣት የተመሰገነ ነበር። ልጆቹን እንዳለማምዳቸው፣ ሠላሳውንም ጥያቄ መልሼ እንዳስጠናቸው ጠየቀኝ።

በጥቁር ሰሌዳ ፊት ውሸት አለማምጄ አላውቅም አልሁት።

«መምህር ይትባረክ፣ ውሸት እኮ አይደለም። ዝግጅት ነው።»

የመጣው ይምጣ እንጂ የሆነውን ያያሉ ብዬው ወጣሁ። በኮሪደሩ ስሄድ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ሰው በዚህ ዘመን ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል።

ከሰዓት በኋላ የ«ሐ» ክፍል ድምፅ ሰጠ። በገምጋሚዎቹ ፊት እንዲያቀርብ የተመረጠው የቢፍቱ ቡድን ነው። ታክሲው ሁለት ድምፅ አገኘ፤ ዳቦው አላገኘም። ሕጉን የጻፍሁት እኔ በመሆኔ ሊሻሻል ይችል እንደሆነ እንደገና አነበብሁት። በጥሩ ሁኔታ ስለጻፍሁት ቀዳዳ የለውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን

ቢፍቱ አራተኛውን ረቂቅ ይዛ መምህራን ክፍል መጣች። ሰው አልነበረም። እርማቱን ሁሉ እንደ ጨረሱ ነገረችኝ። ወረቀቱን ገለጥሁ፤ የሚያዝ ስሕተት አጣሁ። ጊዜ ለማግኘት ያህል፣ የጻፋችሁት ነገር ስለዚያ መምህር ትክክል መሆኑን በምን አወቃችሁ አልኋት።

ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ በጣም በቀስታ፣ «ሁሉንም ጠይቀናል፣ መምህር» አለች። «ያልጠየቅነው እርስዎን ብቻ ነው። እንጠይቅዎት?»

ክፍለ ጊዜ እንዳለኝ ነግሬያት ወጣሁ።

ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት ዘንድ ደወል እስኪደወል ቆምሁ። በቅርብ ጥገና ቢደረግላቸው ብዙዎቹ ያገለግላሉ። ለአቶ ደምሰው ማሳሰብ አለብኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን

አለፈ። ፈረምሁበት። በውስጡ አንድም ስሕተት የለም፤ ቋንቋውን ያስተማርኋቸው እኔ ስለሆንሁ ምስጋናው የእኔ ነው።

ፌኔት ፊርማዬን አየችው። ሻይ ከፈለችልኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፩ ቀን

ገምጋሚዎቹ መጥተው ሄዱ። እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ጨዋ ሰዎች። አዲሱ መጋረጃ ተሰቅሏል። እኔ ከኋላ ወንበር ከፌኔት ጎን ተቀመጥሁ። ቢፍቱ ወጣች። ሲራክና ሚካል በግራና በቀኝ ቆሙ። እንግሊዝኛዋ የጠራ ነበር። ጥያቄያቸውን፣ ማንን እንደ ጠየቁ፣ እንዴት እንደ ጠየቁ ተናገረች። ከዚያ ወደ አባባሎቹ ደረሰች።

በመጀመሪያው ሰውየው ፈገግ አለ። በሁለተኛው ሁለቱም ሳቁ። ስለ ቋንቋው ባለቤቶች ያለውን ስታነብ ሰውየው መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። እንግዶች ሲስቁ ክፍሉም የለመደውን ሳቅ ሳቀ። ሲራክም እንደ ልማዱ ሳቀ፣ የተባለው እርሱ ሆኖ ሳለ። ቢፍቱ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። አምስተኛውን ስታነብ ድምፅዋ ወርዶ ነበር። አምስተኛው ለእርሷ የተባለ ነው። መቼ እንዳልሁት አላስታውስም። ወይም እንደ ተባለ።

ሲያበቃ ሴትዮዋ ሳቋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ይህ መምህር ማን ነው?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። የትኛው ዓይነት ዝምታ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

ቢፍቱ፣ «የእኛ ጥያቄ ለምን የሚል ነው እንጂ ማን የሚል አይደለም» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰች። ይህን አላስተማርኋትም።

አቶ ደምሰው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ድራማ እኮ ነው!» አለ እየሳቀ። «መምህር ይትባረክ የደረሱት ነው። ቀልደኛ ናቸው።»

ገምጋሚዎቹ የከበደ ነገር ከላያቸው እንደ ወረደ ሆነው አጨበጨቡ። ሰውየው መጥቶ እጄን ጨበጠና ጾሙ ከገባ እንዲህ ስቄ አላውቅም አለኝ። ፌኔት ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። ቢፍቱም ከፊት ሆና ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቷን አጥፋ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ ምንም አላልሁም። አልዋሸሁም። የተናገረው አቶ ደምሰው ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፪ ቀን

የደስታ መግለጫ። ትምህርቱ ተወዷል። ለሌሎች ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው መምሪያ መጨረሻ ላይ የትናንቱ ሥራ «አጭር ድራማ፤ ደራሲ መምህር ይትባረክ» ተብሎ ለናሙና ይገባል። እስከ ሰኞ መፈረም አለብኝ። በሻይ ሰዓት ባልደረቦቼ አባባሎቹን በል እስቲ ድገማቸው እያሉ ከበቡኝ። የሒሳብ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አርቲስቱ!» ብሎ ጠራኝ።

በ«ሐ» ክፍል ጥያቄ ጠየቅሁ። አንድ እጅ አልወጣም፤ ቀኝም ግራም። ለማላቀቅ ብዬ ቀልድ ጣል አደረግሁ። ከጥሩዎቹ አንዱ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አልዋሸሁም። ይህን ትናንትም ጽፌዋለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን

ፌኔት ዛሬ «መምህር ይትባረክ» አለችኝ። ጋሼ የሚለው ቀረ። ሥርዓት ጠብቃ ስለ ጠራችኝ ላዝን አይገባኝም።

ቢፍቱን ለቀጣዩ ምዕራፍ አዲስ ጥያቄ አምጪ ብላት ምን እንደ መለሰችላት ነገረችኝ። «ሳቁብን። የደከምንበትን ቀልድ አደረጉት። ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብላለች። ፌኔት ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም።

ስለ መጠየቅ ትምህርት አዘጋጅቼ፣ ጠይቃ የማታውቀውን ልጅ አስጠይቄ፣ ጥያቄ የለኝም አስብያታለሁ። ለዚህም እጄን ተጨብጫለሁ። የታይላንዱ አዘጋጅ መሰናክል ያለው ነገር በአንገቱ ክራቫት አስሮ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፮ ቀን፤ ሰሙነ ሕማማት

አቶ ደምሰው መምሪያውን በሚያምር ማኅደር አድርጎ፣ የምፈርምበትን ገጽ ገልጦ አቀረበልኝ። እስክሪብቶም አቀበለኝ። «አጭር ድራማ» የሚለውን ሰረዝሁት። «ደራሲ» የሚለውን ከነስሜ ሰረዝሁት። በቦታው «የዘጠነኛ ሐ ተማሪዎች የቢፍቱ፣ የሲራክና የሚካል ጥናት፤ የተጠናው መምህር ይትባረክ» ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ፈረምሁ።

ደምሰው ገጹን አይቶ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ላቡን ጠረገ። ይህ ከተላከ ትምህርቱ እንደሚቀር፣ ከበላይ ዋሻችሁን እንደሚሉት፣ የእኔም ስም በጡረታዬ ዋዜማ እንደሚበላሽ በለሆሳስ ዘረዘረልኝ። ሁሉም እውነት ነው። እኔም ጥናቱን ድራማ ያልሁት እኔ ባልሆንም ዝም ብዬ ማጽደቄን ነገርሁት።

«ለመሆኑ ማን ጠየቀዎት?» አለኝ።

የሚጠይቀኝ አጥቼ አልነበረም። ልትጠይቀኝ የመጣችውን ልጅ ትቻት ወጥቼ ነበርና።

ይላካል አለ በመጨረሻ። ፊቱ የሚልክ ሰው ፊት አልነበረም፤ ስለዚህ ማኅደሩን ይዤ ራሴ ለማድረስ ተነሣሁ። ለበላይ አካሉ ቢሮ አስረክቤ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዤ ተመለስሁ። ጸሐፊዋ ገጹን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። የተጠናው እርስዎ ነዎት አለችኝ። አዎ አልሁ። ወንበር ሰጠችኝ፤ የታመምሁ መስሏት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፯ ቀን

ትምህርቱ ይጽደቅ ይቅር አልተነገረኝም። ከፋሲካ በኋላ ይነገርዎታል ተባልሁ።

ከበዓሉ በፊት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬ ከ«ሐ» ጋር ነበር። ቅጂውን ወደ መስኮቱ ሄጄ ለቢፍቱ ሰጠኋት። የተጻፈው ትክክል መሆኑን አይታ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ሳይጣፍጥ እንዴት እንደሚነገር ሳላውቅ ቀረሁ። አነበበችው። ሚካል በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች። ክፍሉ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ እስከ በሩ ድረስ ደረሰ። እስኪዞር ቆሜ ጠበቅሁ።

ምስጋና የጠበቅሁ መሆን አለበት። ይቅርታም ሊሆን ይችላል። ሳምንቱ የሚፈቅደው ነገር ነው።

ቢፍቱ እጅዋን አወጣች። ስትነሣ ወለሉን አላየችም።

«መምህር፣ ጥናቱ አላለቀም» አለች። «ይህ ከበፊቱ ያገኘነው ነው። አሁን የተለወጠ ነገር ካለ በምን እናውቃለን? ከበዓል በኋላ ሁሉንም እንደገና እንጠይቃለን። እርስዎንም።»

እሺ አልኋት። የፈቀድሁ ሳይሆን የተፈቀደልኝ ሆኖ ነው የተሰማኝ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

ይህን ጊዜ ሲራክ ከኋላ፣ «ቲቸር» አለ። ይህን ቃል ከከለከልሁት ዓመት አልፎታል። «እስከዚያ ግን ቀልዱን ሙሉ በሙሉ አያቁሙት። መረጃ ያጥረናል።»

አንዳንዶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ፣ ይልቁንም ወደ አፌ ተመለከቱ።

መልስ መጥቶልኝ ነበር። አጭር፣ የተቀመመ፣ ሲራክን እስከ ሰፈሩ የሚሸኘው፣ ክፍሉን በሙሉ የሚያስቅ ደህና መልስ ነበር። እዚህም አልጽፈውም።